ባላንጣዎች በአንድ ቁስል

የኔታ ዋልልኝ የእግራቸው ቁስል መሽተት መጀመሩን ያወቁት ከተማሪዎቻቸው ነው። የነገራቸው ግን የለም። አቋቋም ሲያስተምሩ ተማሪዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ እሳቸው ከመካከል ሆነው ዜማውን ይመራሉ፣ እግር እንዴት እንደሚነሣና እንደሚያርፍ ያሳያሉ። ሰልፉ ሁልጊዜ ቅርባቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የፊተኞቹ ትንሽ ወደ ኋላ አሉ። በማግስቱ ደግሞ ጨመሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ተማሪያቸው ማሩ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጣል አድርጎ፣ ብርድ የመታው መስሎ ቆመ። የኔታ ዜማውን አላቋረጡም። ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ሲበተን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጠው የእግራቸውን ጨርቅ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ቁስሉ የካቻምና ክረምት ነው። በጋፋት በኩል ያለችው የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲታደስ፣ ከላይ ያመለጠ ቆርቆሮ ቀኝ ቅልጥማቸውን ገመጠው። ያን ጊዜ ማንም ትልቅ ነገር ነው አላለም። ጸበል ተጠመቁ፣ ቅጠል ተደረገላቸው፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ታሰረላቸው። ቁስሉ ይደርቅና ቆዳ ያበጃል፤ ገና ተሻለኝ ሲሉ መልሶ ይፈነዳል። እንዲህ እያለ ከረመ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩም ጨርቁን የሚፈቱትም የሚያስሩትም ራሳቸው ነበሩ።

ልጃቸው ብርቱካን ደብረ ታቦር ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ኩዌት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። በየእሑዱ አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ ያን እሑድ ስትመጣ ገና ከደጃፉ ሽታው ተቀበላት። ምንም ሳትናገር ውኃ አፈላች፣ እጇን ታጠበች፣ ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ ብላ ጨርቁን ፈታችው።

«አባባ፣ ይኼ መቼ ነው አረንጓዴ የሆነው?»

«የቅጠሉ ቀለም ይሆናል።»

«ቅጠሉን ከተዉት ስንት ጊዜው! ይኼ ከውስጥ የሚመጣ ነው። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ነገ ትምህርት አለ። ጾሙም እየመጣ ነው። ልጆቹን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ብርቱካን ቀና ብላ አየቻቸው። «ኩዌት አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የአሠሪዬ እናት። ስኳር እግራቸውን በልቶት ነበር። የሰው እናት ቁስል ሳጥብ ኖሬ፣ የአባቴን ቁስል ዝም ብዬ ላይ ነው?»

ስለ ኩዌት ኑሮዋ ከዚያ በፊት እንዲህ ነግራቸው አታውቅም። በነጋታው ባጃጅ ይዛ ስትመጣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መንገድ ዳር ቆመው አገኘቻቸው።

ከተማው ሆስፒታል የተቀበላቸው ዶክተር ሲሳይ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲጠይቅ የማይቸኩል ሰው ነው። ቁስሉን አየ፤ ከዚያ ቁስሉን ትቶ እግራቸውን ሙሉውን፣ ባታቸው ላይ እንደ ገመድ የተወጠሩትን የደም ሥሮች አየ።

«የኔታ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«መቆም» አሉ የኔታ። ከዚያ ሐኪሙ እንዳልገባው አይተው ፈገግ አሉ። «አቋቋም አስተምራለሁ። በበዓል ደግሞ ማኅሌት ስንቆም እናድራለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው።»

«ሥሮቹ ደክመዋል። ወደ እግር የወረደው ደም ተመልሶ ለመውጣት ይቸግረዋል፤ ለዚህ ነው ቁስሉ የማይደርቀው። አሁን ደግሞ ተሕዋስ ገብቶበታል። የቱ እንደሆነ ሳላውቅ መድኃኒት ብሰጥዎ በጨለማ መተኮስ ነው። ናሙና ይወሰድ።»

ናሙናውን ልትወስድ የመጣችው ኤሌኒ ናት። በጤና ኮሌጅ ስለ ተሕዋስያን ታስተምራለች፤ የማይድኑ የገበሬ ቁስሎችንም ታጠናለች። ቀጭን፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅለል ያደረገች፣ ስትሠራ የታችኛውን ከንፈሯን የምትነክስ ወጣት ናት። ጓንቷን አጠለቀችና ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት አወጣች።

«ትንሽ ያምዎታል የኔታ። ከሥሩ ካልወሰድኩ አይረባኝም።»

«ውሰጂ ልጄ።»

ጥጡ ቁስሉን ሲነካ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ ዜማ ጀመሩ። ኤሌኒ እስክትጨርስ አላቋረጡም። ስትጨርስ ግማሹን ናሙና ሳህን ላይ ለማብቀል አዘጋጀች፤ ግማሹን ደግሞ እንደ ልማዷ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠችው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ሳህኑ ላይ የበቀለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለም የሚያፈስ፣ ክዳኑ ሲከፈት የወይን ፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ያለው ባክቴሪያ። ሱዶሞናስ ይባላል። ኤሌኒ ያየችውን ጻፈች፤ ዶክተር ሲሳይም አረንጓዴውን የሚገድል መርፌ አዘዘ።

መድኃኒቱ ሠራ። ፋሻው ቀን በቀን እየነጣ ሄደ፤ ሽታው ጠፋ። የኔታ ትምህርት ሲጀምሩ ተማሪዎቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተጠጉ፤ ማሩም ነጠላውን ከአፍንጫው አወረደ። ብርቱካን ለኤሌኒ ስልክ ደውላ እያለቀሰች አመሰገነቻት። ኤሌኒ የዚያን ዕለት ክፍል ስትገባ ተማሪዎቿ ዛሬ ምን አግኝታ ነው እስኪሉ ድረስ ደስ ብሏት ዋለች።

ደስታው ግን አልቆየም። ጾሙ በገባ ሰሞን ቁስሉ እንደገና ተቆጣ። አሁን አረንጓዴ የለም፤ ዳር ዳሩ ቀልቶ እንደ እሳት ይፋጃል፤ የሚወጣው መግል ወፍራም ቢጫ ነው። ቅላቱ ወደ ጉልበታቸው ሽቅብ ወጣ። የኔታ ቁር ቁር ይላቸው ጀመር፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበውም ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። ማሩና ሌሎች ተማሪዎች በወሳንሳ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ አወረዷቸው፤ ከዚያ ብርቱካን በመኪና አደረሰቻቸው።

ዶክተር ሲሳይ አስተኛቸው። ራጅ አስነሣቸው፤ አጥንቱ ገና አልተነካም። ሆኖም ብርቱካንን ወደ ውጭ ጠርቶ ሊነግራት ሲል የኔታ ከአልጋቸው ሆነው «እግሩ የኔ ነው፤ እዚሁ ተናገር» አሉት። ሐኪሙ ተመልሶ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

«የኔታ፣ መርዙ ወደ ደም እየገባ ነው። ጥቂት ቀን እንሞክራለን። ካልተመለሰ ከጉልበት በታች መቁረጥ ሊኖርብን ይችላል። ነፍስዎን ለማትረፍ ነው።»

የኔታ በተሰበረ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ ያስተማሩኝ ሁሉ ሞተዋል» አሉ። «እነሱ የሰጡኝ እዚህ ነው ያለው።» የተጠቀለለውን እግራቸውን በእጃቸው ዳበሱት። «ራሴ ላይ ብቻ አይደለም። እግሬ ሳያስታውሰኝ ዜማው ራሱ ይጠፋኛል። ይኼን ስትቆርጠው አብሮት የሚሄደውን ታውቃለህ?»

ዶክተር ሲሳይ አንገቱን ደፋ።

ብርቱካን ከሆስፒታሉ ወጥታ ዐቀበቱን እየሮጠች ኮሌጁ ደረሰች። ኤሌኒ ላቦራቶሪው በር ላይ አገኘቻት።

«አንድ ነው አልሽኝ!» አለቻት ብርቱካን፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «አንዱን ገደላችሁት፣ አየሁ፣ አመንኩሽ። ታዲያ ይኼ ቢጫው ከየት መጣ? እኔ ፋሻውን ስቀይርላቸው አስገብቼበት ይሆን? እጄን ሳልታጠብ ነክቼው አላውቅም። ኩዌትም እንዲህ ነበር የምሠራው። ምን አድርጌ ነው?»

ኤሌኒ ቁጣ ነበር የጠበቀችው። ከቁጣው ሥር ያለው ይኼ ፍርሃት ይሆናል ብላ ግን አላሰበችም። ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻት።

«ከአንቺ እጅ መሆን አለመሆኑን አሁን አላውቅም። ግን ማወቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ አለኝ።»

ኤሌኒ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ሄዳ አዲስ ናሙና ወሰደች። አሮጌውንም ከማቀዝቀዣው አወጣችው። ያን ጊዜ ያልነበራት አንድ ነገር አሁን አላት፤ ጨው የበዛበት ማብቀያ። አረንጓዴው ጨው አይችልም፤ ቢጫ መግል የሚያመጣው ዓይነት ግን ይችላል። ጥር ላይ መንገድ ተዘግቶ ከባሕር ዳር ዕቃ ስላልመጣ፣ የመጀመሪያውን ናሙና ጨው በሌለበት ተራ ማብቀያ ላይ ብቻ ነበር የዘራችው። አሁን ሁለቱንም ናሙናዎች በጨዋማው ላይ ዘርታ ጠበቀች።

ሳህኖቹን ስታወጣ ሁለቱም ላይ ወርቅ የመሰሉ ቢጫ ጉብታዎች በቅለዋል። ስታፍ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። አዲሱ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በኋላ የገባ ነው ማለት ይቻል ነበር። አሮጌውም ላይ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። በተራው ሳህን ላይ አረንጓዴው ቀድሞ ፈጅቶት ስለነበር አላየችውም።

ኤሌኒ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አዲስ ውጤት ጽፋ በሰው መላክ ትችል ነበር፤ የሚጠይቃትም የለም። ሆኖም የላቦራቶሪ ካፖርቷን እንደለበሰች ተነሥታ ሆስፒታል ሄደች።

ዶክተር ሲሳይን መጀመሪያ አገኘችው። «ሁለት ነበሩ ዶክተር። እኔ አንድ ነው ብዬ ጻፍኩ።»

«ማብቀያው አልነበረሽም።»

«ማብቀያው እንደሌለኝ መጻፍ እችል ነበር። ሌላም ሊኖር ይችላል ብዬ።»

ዶክተር ሲሳይ ትንሽ አሰበ። «እኔም መጠየቅ እችል ነበር» አለ። «ይኼን ያህል የቆየ ቁስል አንድ ብቻ አይዝም። ሲነጣ ሳይ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። አሁን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚመታ መድኃኒት እሰጣለሁ፤ የሞተውን ሥጋም አጸዳለሁ። ትኩሳቱ ከወረደ እግሩን አንነካውም።»

ከዚያ ወደ የኔታ አልጋ ሄደች። ብርቱካን ከራስጌ ተቀምጣ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ኤሌኒ የሆነውን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ወደ ብርቱካን ዞራም «ከአንቺ እጅ አልመጣም» አለቻት። «አንቺ ፋሻ መቀየር ከመጀመርሽ በፊት ነበር።» ብርቱካን ጨርቁን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አባቷ አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት።

ትኩሳት ቢያደክማቸውም የየኔታ አእምሮ ንቁ ነበር። «እነዚህ ሁለቱ» አሉ፣ «ይስማማሉ?»

«አይስማሙም። ባላንጣዎች ናቸው። በእኔ ሳህን ላይ አረንጓዴው መርዝ ረጭቶ ቢጫውን ይገድለዋል።»

«ታዲያ በእኔ እግር ላይ ስለምን ሳይገድለው ቀረ?»

ኤሌኒ ይኼን ያህል ጊዜ ስታጠና ራሷን እንዲህ አጥርታ ጠይቃ አታውቅም። «አላውቅም የኔታ። ግን አጣርቼ እነግርዎታለሁ።»

«እንግዲያ ሳልሞት ድረሽልኝ» አሉ፤ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያ ፈገግታቸው ነበር።

ኤሌኒ ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ ዘራቻቸው፤ እንደጠበቀችው በነጋታው ቢጫው ጠፍቶ አረንጓዴው ብቻውን ነገሠ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። እንግዲህ እግራቸው ላይ ያለ፣ ሳህኑ ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ምን ይሆን? ብርቱካን ፋሻ ስትቀይር የሚጣለው ትዝ አላት። ከቁስሉ የሚወርደው ፈሳሽ!

ብርቱካንን ለመነቻት፤ የኔታም ፈቀዱ። ከቁስሉ የሚወርደውን ፈሳሽ በንጹሕ ጠርሙስ ሰበሰቡላት። ኤሌኒ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ወንፊት አጣራችው፤ አንድም ሕይወት ያለው ነገር የሌለበትን ውኃ ከማብቀያው ጋር ቀላቀለችው። ከዚያ ሁለቱን ባላንጣዎች ጎን ለጎን ዘራች።

በማግስቱ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ስታይ አረንጓዴው ገርጥቷል። ቢጫው አጠገቡ፣ ሊነካው ምንም ሳይቀረው፣ በሰላም በቅሏል።

ሌሎች አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ሕመምተኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን አንብባ ታውቃለች። ነጭ የደም ሴሎች ቁስል ላይ ሲሰፍሩ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ፕሮቲን ያፈሳሉ። ይኼ ፕሮቲን ዚንክንና ሌሎች ማዕድናትን እየያዘ ይደብቃል፤ ባክቴሪያ ያለ እነሱ መኖር ይቸግረዋልና። እዚህም ይኼው ከሆነ፣ ዚንኩን ብትመልስለት አረንጓዴው መርዙን ማግኘት አለበት። ጥቂት ዚንክ ጨምራ እንደገና ዘራች። አረንጓዴው ቀለሙ ተመለሰ፤ ቢጫውም አለቀ።

ይኼን ባየችበት ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጮክ ብላ ሳቀች።

እሷ በሳህኖቿ ላይ ስታቀረቅር የየኔታ ትኩሳት ወርዷል። ዶክተር ሲሳይ ቁስሉን አጽድቷል፣ ሁለቱንም የሚመታው መድኃኒት ገብቷል፣ ቅላቱ ከጉልበት ወደ ታች ሸሽቷል። «መጋዙን መልሻለሁ» ብሎ ለብርቱካን ሲነግራት ሐኪም መሆኑን ረስታ አቅፋ ሳመችው።

ኤሌኒ ስትመጣ የኔታ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው ከፍ ብሎ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጧል።

«መልሱን አመጣሽ?»

«አመጣሁ። ሙሉ አይደለም፤ በደንብ ለማረጋገጥ ገና ብዙ ይቀረኛል። ያየሁትን ግን እነግርዎታለሁ።» ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «ሰውነትዎ ጠላት ሲገባበት አንድ ዘዴ አለው። ጎተራውን ይዘጋል። ተሕዋስ የሚበላውን ዚንክ ይሰበስብና ይደብቃል፣ በረኀብ እንዲያልቁለት። ሁለቱም ተራቡ፤ ግን አልሞቱም። አረንጓዴው ደግሞ መርዙን የሚቀምመው በዚያ በተደበቀው ነገር እየታገዘ ነው። ሲያጣ መርዙ መነመነ። ቢጫውም ከሱ ተረፈ።»

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። ዓይናቸውን ወደ እግራቸው መለሱ። «እንግዲያ ጠላቴን ያስጠለለልኝ የገዛ ገላዬ ነው።»

«እንደሱ አይበሉት።»

«እንዴት ልበለው? አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«የኔታ፣ ገላዎ ጎተራውን ባይዘጋ ኖሮ ሁለቱም ጠግበው ይሰለጥኑብዎ ነበር። ይኼን ያህል ጊዜ ቁስሉን እዚያው ይዞ፣ ወደ አጥንት እንዳይገባ የከለከለልዎ እሱ ነው። መጨረስ ብቻ አቃተው። ሥሮቹ ደክመዋል፣ ደሙ በደንብ አይመለስም፣ እርዳታ አልደረሰለትም። በዚህ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ መዋጋቱን አላቆመም። እኔ ከፋሻዎ ላይ በሰበሰብኩት ውኃ ውስጥ አሁንም እየሠራ ነው።»

ብርቱካን መናገር ፈልጋ ኤሌኒ በዓይኗ ከለከለቻት።

«እኔ» አሉ የኔታ፣ ቃሉ እየከበዳቸው፣ «ይኼን እግር ተቀይሜው ነበር። ከተማሪዎቼ ፊት አዋረደኝ ብዬ። ሰነፈ፣ ተኛ፣ ከዳኝ ብዬ። ሲያመኝ እሰድበው ነበር።» እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ወረደ። «ለካ ሲዋጋ ነው የከረመው።»

እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ዶክተር ሲሳይ ብርቱካንን ፋሻውን ከጣት ጀምሮ እስከ ጉልበት እንዴት አጥብቃ እንደምትጠቀልል አሳያት። አንድ ጊዜ አይታ ከሱ አሳምራ ጠቀለለችው። «የት ተማርሽው?» ሲላት «ሰው አገር» አለችው። የነፍስ አባታቸውም የኔታ መድኃኒቱን በጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወስዱ፣ ጾሙን ስለ ሕመማቸው እንዲያቀልሉ ፈቀዱላቸው። የኔታ በዚህ ብዙ ተከራከሩ፤ ብርቱካንም አልተሸነፈችም። ልብስ መስፊያ መኪናዋን ከከተማ አምጥታ እሳቸው ቤት አስቀመጠች፤ እየሰፋችም ትጠብቃቸው ጀመር።

የኔታ ወደ ትምህርቱ ተመለሱ፤ ግን ተቀምጠው። እግራቸው የእንጨት ዱካ ላይ ይዘረጋል፣ እጃቸው መቋሚያውን ይዞ መሬቱን ይመታል። መጀመሪያ ላይ ከበዳቸው። ተቀምጦ አቋቋም ማስተማር ያሳፍራል ብለው ሁለት ቀን ሳይወጡ ቀርተው ነበር። ከዚያ ግን ቆመው ሳሉ ያላዩትን ነገር አዩ። ከታች ሆነው ሲመለከቱ የተማሪዎቹ እግሮች ሁሉ ፊት ለፊታቸው ናቸው። የማን ተረከዝ እንደሚዘገይ፣ ማን ጣቱን ብቻ እንደሚያሳርፍ አንድ በአንድ ይታያቸዋል። «አንተ ማሩ፣ ግራህ ትዋሻለች!» ሲሉት ማሩ ደነገጠ፤ ይኼን ያህል ዓመት ተምሮ ማንም ነግሮት አያውቅም።

ቁስሉ ቀስ ብሎ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ሄደ። ዝናቡ ሲጀምር የቀረው ቀጭን ሮዝ ቆዳ ነው። ሆኖም ሐኪሙ የነገራቸው ነገር እንዳለ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መቆም ቀርቷል። የኔታ በዚህ አዘኑ፤ ማዘናቸውንም አልደበቁም። በጰራቅሊጦስ ማኅሌት አንዷን ወረብ ብቻ ቆመው አሸበሸቡ፤ ሲያበቃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የቀረውን በድምፃቸው መሩ። ቆመው የሚመሩት ቦታ ላይ የቆመው ማሩ ነው። አንዳንዱ ሰው አዘነላቸው፤ ብርቱካን ግን ከሴቶች መቆሚያ ሆና በዚያች ወረብ የሁለቱንም እግር ተመልክታ ነበር፤ የአባቷንም፣ የማሩንም፤ ሲነሡም ሲያርፉም ልክ አንድ ዓይነት ነበሩ።

ሐምሌ ላይ የኔታ ከብርቱካን ጋር ኤሌኒን ሊጠይቁ ኮሌጁ ሄዱ። ያገኘችውን በባለሙያዎች ጉባኤ ፊት ልታቀርብ እየተዘጋጀች ነበር፤ ስማቸውን ሳትጠራ የእግራቸውን ነገር ለመናገር ፈቃድ ጠየቀቻቸው።

«ተናገሪ» አሉ። «ብቻ ተሸንፎ ነበር እንዳትይ።»

«አልልም።»

«እስቲ አሳዪኝ። ይኼን ያህል ያስቸገሩኝን ሳላያቸው ልሙት?»

ኤሌኒ ክዳኑ የታሸገ ሳህን አምጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻቸው። የኔታ መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። ከራሳቸው ቁስል ፈሳሽ በተቀላቀለው ማብቀያ ላይ አረንጓዴውና ቢጫው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ይኼ ወርቅ የሚመስለው ነው ሊያስቆርጠኝ የነበረው?»

«እሱ ነው።»

«ያምራል እኮ» አሉ በመገረም። «ብርቱካን፣ ነይ እይው።»

ብርቱካን አልቀረበችም። «እኔ ጠግቤዋለሁ አባባ። በሉ ቁጭ ይበሉ፤ ብዙ ቆሙ።»

የኔታ አልተከራከሩም። ኤሌኒ ወንበር ሳበችላቸው፤ ብርቱካን እግራቸውን ከፍ የሚያደርጉበት አንድ ባዶ ካርቶን ፈልጋ አመጣች። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ጀምሮ ነበር። እስኪያባራ ተቀምጠው፣ የኔታ ስለ ሳህኖቹ እየጠየቁ፣ ኤሌኒም እየመለሰች፣ ያላወቀችውንም አላውቀውም እያለች፣ ረጅም ጊዜ ቆዩ።